በሜትር ሁለት ሳንቲም

ማሽኑ ደሙን አሽከርክሮ እስኪጨርስ አስር ደቂቃ አለኝ። የቻልኩትን እጽፋለሁ፣ ሲጮህ አቆማለሁ።

ዛሬ ጠዋት የክሊኒካችን የፅዳት ሠራተኛ ዓይኗ ቀልቶ ወደ ላቦራቶሪው ገባች። በእጇ የአስተዳዳሪው ደብዳቤ ነበር። ማስጠንቀቂያ። "የማጠቢያ ክፍሉን ወለል በአግባቡ ባለማድረቅ" ይላል። ከሥሩ ጥፋቷን አምና የምትፈርምበት መስመር አለ። እስከ ከሰዓት ፈርመሽ አምጪ ተብላለች።

"አልፈርምም ብልስ?" አለችኝ። "እኔ ስንት ጊዜ እንደማደርቀው አንቺ ታውቂያለሽ። ዞር ስል ውሃው እዚያው ነው።"

"ቁጭ በይ፣" አልኳት። "እኔ ያንን ወለል ሴራሚክ ሳይለብስ ነው የማውቀው።"

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ሂሳብ ሦስት አመጣሁ፣ ከሃያ። አስተማሪያችንን ጠመኔ ነበር የምንለው፤ የኮቱ እጅጌ ሁሌም ነጭ ነው። እናቴን አስጠራትና እኔ እዚያ የሌለሁ ይመስል እንዲህ አላት፦

"ስሎፕ፣ የመስመር ተዳፋት ማለቴ ነው፣ አልገባትም። የመስመር እኩልታም አልገባትም። ሁሉም ልጅ ለሂሳብ አልተፈጠረም፣ እናት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ፈተና አለ። ግማሽ ካላመጣች ወደ ልብስ ስፌት እናዛውራታለን። እጇ ጥሩ ይመስላል።"

እጄን አየሁት። ከስፌት ጋር ጠብ የለኝም። የሚሰፋ ሰው አከብራለሁ። የጠላሁት እንደተረፈ ጨርቅ ተጠቅልሎ መላክን ነው።

ቤት ስንደርስ እትዬ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተጋድማለች።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ሙያዋ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ ውሃ ልክ ይሏታል፤ ጠማማ ነገር አይታ አታልፍም። የተንጋደደ የግድግዳ ሰዓት ካየች የሰው ቤትም ቢሆን ተነስታ ታቃናለች። ከሳምንት በፊት የዕቃ ጆንያዋን ተሸክማ መጥታ ሶፋውን ያዘች። "ለጥቂት ቀን ነው" ተባልኩ። ጆንያው ውስጥ መዶሻው፣ መቁረጫው፣ ክሩ፣ የውሃ ቱቦው፣ ሁሉም አለ። ሥራ ቦታዋ ሌባ ገብቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

"ስንት አመጣሽ?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"ሦስት።"

"ከስንት?"

"ከሃያ።"

"ጥሩ ነው። ከዚህ በኋላ የምትወርጂበት ብዙ ቦታ የለም።"

እናቴ አልሳቀችም። ጠመኔ ያለውን ነገረቻት። እትዬ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ሰማች። ከዚያ ተነስታ ቁጭ አለች።

"ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጪ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ። ደብተርና ማስመሪያ ያዢ። እኔና ፎርማኑ በአንድ ወለል አልተስማማንም። እሱ ልክ ነው ይላል፣ እኔ ጠማማ ነው እላለሁ። ቁጥሩን በወረቀት የሚያስቀምጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

"እኔ? ሦስት ያመጣሁት?"

"ሌላ ሰው የለኝማ።"

እናቴ ከኩሽና አንገቷን አውጥታ፣ "እትዬ፣ ልጅቷን ባታታልያት ምናለ?" አለች።

"የቱ ጋ ነው ማታለሉ? ወለሉ ጠማማ አይደለም?"

እናቴ ተመልሳ ገባች። አትችልም ማለቷ ነው ብዬ ተናደድኩባት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአክስቴ እንጀራ በኔ ማስመሪያ ላይ ተንጠልጥሏል ብዬ አምኜ ነበር።

ማሽኑ ጮኸ።

ተመለስኩ። ሌላ ስምንት ቱቦ ደም ከትቻለሁ።

ይሄ ክሊኒክ ያኔ ገና እየተሠራ ነበር። መስኮቱ መስታወት አልገባለትም፣ ኮሪደሩ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነው። እኔና እትዬ ስንደርስ ሠራተኞቹ ወጥተዋል። ጥበቃው ብቻ አለ።

"ውሃ ልክ፣ መጣሽ ደግሞ?" አላት።

"መጣሁ ጋሼ።"

"እኔ አላየሁሽም።"

"እኔም አላየሁህም።"

ግራና ቀኝ አይቶ በሩን ገርበብ አደረገልን። ሁሉም ቤቱ ሲገባ አክስቴ ብቻ ለሥራ ትመለሳለች ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

የማጠቢያ ክፍሉ ከበሩ እስከ ውሃ መውረጃው ፍሳሽ ድረስ ሦስት ሜትር ነው። በሩ ጥግ ላይ ሁለት ሴራሚክ ተለጥፏል። የቀረው ራቁቱን ሲሚንቶ ነው።

መጀመሪያ ቱቦውን ውሃ ሞላችው። አንዱን ጫፍ እኔ በሩ ጋ ያዝኩ፣ ሌላውን እሷ ከፊት ለፊት ግድግዳው ጋ። "እጅሽን አታንቀሳቅሺ፣ ውሃው ይስከን።" ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ቆመ። እሱን ተከትላ ከፍሳሹ አፍ አስር ሳንቲም ከፍ አድርጋ ክር ወጠረች። ክሩ ቀጥ አለ። ጣቷን አስነክታ እንደ ክራር ደርደር አደረገችው።

"አሁን ስሚኝ። የማጠቢያ ክፍል ወለል በሜትር ሁለት ሳንቲም ይወርዳል። ካነሰ ውሃው ይተኛል፣ ከበዛ ሰው ይተኛል። ይሄንን በጠመኔ ቋንቋ ጻፊልኝ።"

አሰብኩ። በሜትር ሁለት። አንድ ሜትር፣ ሁለት ሳንቲም። አንድ ጻፍኩ፣ ሰረዝ፣ ከሥሩ ሁለት። ስሎፕ ግማሽ።

እትዬ አየችው። አንድ የተረፈ ሴራሚክ አነሳችና በአንድ ጎኑ ስስ ስንጥር አስገባችበት። "ያንቺ ግማሽ ይኸውልሽ፣" ብላ ከጣቷ ውሃ ጠብ አደረገች። ጠብታዋ ቁጭ አለች። ጠበቅን። ንቅንቅ አላለችም።

ስንጥሩን አውጥታ ወፈር ያለ አስገባች። ጠብታዋ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ሄደች።

"በሜትር ሁለት ነዋ ያልሽው፣" አልኩ። "ሜትሩ ቀደመ።"

"አፍ ላይ ይቀድማል። እኛ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው፤ አንቺም እንደኛ ጻፍሽው። ደብተር ላይ ግን የወረደው ከላይ፣ የተራመድሽው ከታች። በይ ገልብጪው።"

ገለበጥኩት። ሁለት።

"ይወርዳል ወይስ ይወጣል?"

"ይወርዳል።"

"ታዲያ ይሄ ሁለት መውረዱን በምን አውቃለሁ?"

የመቀነስ ምልክት ጨመርኩበት። ጠመኔ ያንን ምልክት አንድ ወር ሙሉ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ቁልቁል ማለት መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

"ቢ የምትሉት ደግሞ ምንድን ነው?" አለች።

"መነሻ። ኤክስ ዜሮ ሲሆን።"

"ኤክስ ዜሮ የት ነው?"

ዙሪያዬን አየሁ። ጣሪያውን አየሁ። ክሩን አየሁ። እትዬ ወደ እግሬ አየች። የበሩ ደፍ ላይ ቆሜያለሁ።

"እዚህ፣" አልኩ።

"እዚያ ወለሉ ከፍሳሹ ስንት ከፍ ይላል?"

ከክሩ እስከ ወለሉ ለካሁ። አራት። ከአስር ሲቀነስ፣ ስድስት። ደብተሬ ላይ ዋይ እኩል ነው ስድስት ሲቀነስ ሁለት ኤክስ ብዬ ጻፍኩ። እኔው ጽፌ እኔው ደነገጥኩ፤ መጽሐፉ ላይ ያለውን ይመስላል።

"ፍሳሹ የት ጋ መምጣት አለበት?"

"ዋይ ዜሮ ሲሆን። ስድስት ሲቀነስ ሁለት ኤክስ፣ ዜሮ። ኤክስ፣ ሦስት።"

"ሂጂና እይ።"

ሜትሩን ዘረጋሁ። የፍሳሹ አፍ ሦስት ሜትር ላይ ነው። እዚያው ተቀመጥኩ። ቁጥሩ ከደብተሬ ቀድሞኝ መጥቶ እዚያ ሲጠብቀኝ የነበረ መሰለኝ።

በማግስቱ እያንዳንዱን ሜትር ለካን። በሩ ጋ ስድስት። አንድ ሜትር ላይ አራት። ሁለት ሜትር ላይ አንድ። ፍሳሹ ጋ፣ አፉ ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ፣ ሁለት። ነጥቦቹን ግራፉ ላይ አስቀመጥኩና በማስመሪያ ላገናኛቸው ስል እምቢ አሉ።

"አበላሸሁት፣" አልኩ።

"ምኑን?"

"ሦስተኛው መስመሩ ላይ አልተቀመጠም። አራተኛውም።"

"ድገሚ።"

ደገምኩ። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ደገምኩ። ጉልበቴ በሲሚንቶው ተልጧል።

"ያው ነው፣ እትዬ።"

"እንግዲያው የተሳሳተው ነጥቡ አይደለም፣" አለች። እርሳሱን ከእጄ ወስዳ ሁለት ሜትር ላይ ያለችውን ነጥብ ከበበቻት። "ውሃው እዚህ ነው የሚተኛው። ፎርማኑ ሲሚንቶውን አርብ ማታ አጣድፎ አፈሰሰው። ፍሳሹ ጋ አበጠ። ሴራሚክ ከለበሰ በኋላ ማን ያየዋል?"

"ታዲያ ለምን ካንቺ ጋ ይጣላል?"

"ወለሉ አፍ የለውማ። እኔ አለኝ።"

የዚያን ቀን ምሽት ከኩሽና ድምፅ ሰማሁ።

"ይቅርታ ብትይ ምን ይጎድልብሻል?" እናቴ ናት። "አንዲት ቃል ናት።"

"ቃሏ ብቻ ብትሆን እላት ነበር። ከኋላዋ ማንጠፉ አለ።"

"ሁሉም ያነጥፋል።"

"ያንጥፉ።"

"ወገብሽ ሶፋው ላይ እስኪቆረጥ ድረስ?"

ገባኝ፣ አልኩ ለራሴ። እትዬ በጫማዋ ሶፋውን አቆሽሻለች፣ እናቴ ይቅርታ ትፈልጋለች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት በፊት ሶፋውን በሳሙናና በብሩሽ ፈተግኩት። እርጥብ ሶፋ ላይ እንድትተኛ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

ማሽኑ። ይጩህ። አንድ ደቂቃ ቢቆይ ደሙ የትም አይሄድም።

ከፈተናው አራት ቀን በፊት አስተማሪዎቹ ስብሰባ ስለነበራቸው በግማሽ ቀን ተለቀቅን። ለማንም ሳልናገር ግራፌን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ሥራ ሰዓት ስለነበር ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጥበቃው ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ዛሬ አይሆንም፣ ልጄ። ተመለሺ።"

በብብቱ ሥር ሾልኬ ገባሁ።

ፎርማኑ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ስልክ ያወራ ነበር። ፊቱ ቆምኩ። እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የውሃ ልክ የእህቷ ልጅ።"

አሸዋ የሚዝቁት ሠራተኞች አካፋቸውን አቆሙ። አንዱ፣ "ትንሿ ውሃ ልክ መጣች" አለ፤ ሳቁ። ወረቀቱን ሰጠሁት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ወለልዎ ነው። መስመሩ መሆን ያለበት ነው፣ ነጥቦቹ ያሉት ናቸው። ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር በሦስት ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ፍሳሹ በአንድ ይወጣል። ውሃው አንድ ሳንቲም ዳገት ወጥቶ ነው የሚፈሰው?"

ሳቁ ቆመ። ፎርማኑ ወረቀቱን አዞረው፣ መልሶ አቃናው። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ አራት አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተው።

"ሂጂና ለአክስትሽ ንገሪያት፣" አለኝ። "በሩ ክፍት ነው። ሰው ፊት ለተናገረችው ይቅርታ ትጠይቅና ትግባ።"

እየሮጥኩ ተመለስኩ። አሸንፌያለሁ። በሩ ክፍት ነው ብሏል። ይቅርታውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ ትልልቅ ሰዎች ሲታረቁ የሚባባሉት ነገር ነው ብዬ ነው።

እትዬ የነገርኳትን ሁሉ ሰማች። "በሩን ከፈተው?" ብላ ሳቀች፣ እስክታስላት። ከዚያ ድንገት አቆመች።

"ወረቀቱን ምን አደረገው?"

"ኪሱ ከተተው።"

"አልጣለውም?"

"አራት አጥፎ የደረት ኪሱ።"

ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። መዳፏ እንደ ጡብ ሻካራ ነው። "ውሸት ቢሆን ይጥለው ነበር፣" አለች። "ልክ የሆነ ነገር ነው የሚደበቀው። የእኔ ጎበዝ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ክሊኒኩ አልወሰደችኝም። ወለሉ አልቋል አለች። ደረጃ፣ ጣራ፣ የጎረቤት የመኪና መውጫ ለካን። የአክስቴን ሥራ ያስመለስኩት እኔ ነኝ ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ ፈተናው ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠመኔ ወደ አስተማሪዎች ክፍል አስጠራኝ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"ከማን ገለበጥሽ?"

"ከማንም።"

"ቀመሩ የለም። ያስተማርኩት አሠራር የለም። 'መነሻ ዘጠኝ፣ በሜትር ሁለት ይወርዳል' ይላል። ጥያቄው ውስጥ ሜትር አለ?"

"ካልተራመዱ መውረዱ በምን ይታወቃል?"

ሌሎቹ አስተማሪዎች ቀና አሉ። ጠመኔ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ነጥብ ጻፈልኝ፤ ዜሮና ስምንት፣ ሁለትና ሁለት። "እዚሁ ሥሪ።"

በአእምሮዬ በሩን አስቀመጥኩ። ሁለት ሜትር ተራመድኩ።

"መነሻው ስምንት። በሁለት ሜትር ስድስት ወረደ፤ በሜትር ሦስት ማለት ነው። ዋይ እኩል ነው ስምንት ሲቀነስ ሦስት ኤክስ።" ትንሽ አሰብኩና፣ "ሰው ያንሸራትታል" ብዬ ጨመርኩ።

የስፖርት አስተማሪው ሳቁ አምልጦት ሻዩን ደፋ። የጠመኔ ጆሮ ቀላ።

"ልክ ነው፣" አለ። ቃሏ እንደሚነቀል ጥርስ ነው የወጣችው። "አስራ አራት አለሽ። ነገር ግን ለአስተማሪ እንዲህ አይመለስም። ይቅርታ ጠይቂ።"

"ምን ስላልኩ?"

"ይቅርታ ጠይቂ፣ አለዚያ ለሥነ ሥርዓት አራት እቀንሳለሁ።"

መነሻ አስራ አራት። አራት ይወርዳል። አስር። የሃያ ግማሽ።

"ይቀንሱ፣" አልኩ።

ቤት ስገባ ሁለቱም እየጠበቁኝ ነበር። አስር ማምጣቴን ተናገርኩ። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

"አራቱን ምን በላቸው?" አለች እትዬ። ወረቀቱ ላይ የተሰረዘውን አስራ አራት አይታለች።

"ይቅርታ በይ አለኝ። አልልም አልኩ።"

እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ኩሽና ገባች። በሩን ዘጋች። ለአራት ነጥብ ይህን ያህል ይለቀሳል ወይ ብዬ ታዘብኳት።

ኋላ፣ እኔ ራሴ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው የነገረችኝ። እትዬ ከክሊኒኩ ሥራ የተባረረችው እኔ ሦስት ከማምጣቴ ከሳምንት በፊት ነው። ሁለት ሴራሚክ ለጥፋ ወለሉን ለካችና መሣሪያዋን አስቀመጠች። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "ይሄ ወለል ካልተፈነቀለ እጄን አላስገባበትም" አለች። ፎርማኑ ይቅርታ ጠይቀሽ አንጥፊ አላት። ጆንያዋን ተሸክማ ወጣች። ከዚያ በኋላ ማንም ቁጥር አልጠየቃትም፣ ማንም ወረቀት አልጠበቀም። ጥበቃውን ለምና ወደተባረረችበት ግቢ በየቀኑ ትገባ የነበረው ለሌላ ነገር ነው።

"ለአንቺ ነው እንጂ፣" አለች እናቴ። "ለሷማ ምን ይሠራላታል? የሚፈልጋት ሰው ካለ ትሠራለች ብላ ነው። ባይሆን ኖሮ ደብተሩን ትከፍቺው ነበር?"

አልከፍተውም ነበር።

እትዬ አልተመለሰችም። ወለሉን ሌላ ሰው በአንድ ቀን አነጠፈው። እሷ ሌላ ቦታ ሥራ አገኘች፣ ከዚያም ሌላ። አሁን ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። የሰው ቤት ሰዓት ግን ዛሬም ታቃናለች።

እኔ ወለሉን ብዬ አይደለም እዚህ የተቀጠርኩት። ሥራ ስፈልግ ቀድመው የጠሩኝ እነሱ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን እጄን ልታጠብ ስገባ በሩና ፍሳሹ መካከል ሳንቃ ተጋድሟል፣ ሰው ተረማምዶ የሚያልፍበት። ከሥሩ ውሃ ተኝቷል። መለካት አላስፈለገኝም። ሁለት ሜትር ላይ ነው።

ዛሬ ግን ለካን። ላቦራቶሪ ውስጥ ቱቦ አይጠፋም። የፅዳት ሠራተኛዋ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሌላውን። "እጅሽን አታንቀሳቅሺ" አልኳት። ሴራሚኩ ሁሉንም እኩል ከፍ አድርጎታል እንጂ ልዩነቱ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላም ያው ነው።

"በምን ላይ እንሣለው?" አለችኝ።

ማስጠንቀቂያውን ተቀብያት ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው። መስመሩን ራሷ አሰመረች፣ ነጥቦቹን ራሷ አስቀመጠች። ሦስተኛዋ እምቢ ስትላት ላጲስ ጠየቀችኝ።

"አታጥፊያት፣" አልኩ።

"ይሄ ቢ ያልሽው ምንድን ነው?"

"የቆምሽበት ነው።"

ማሽኑ ጮኋል። ቱቦዎቹን አውጥቼ አብሬያት ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ እወጣለሁ። የፊርማው መስመር ላይ ምንም የለም። ወረቀቱን ፊት ለፊቱ እንድታስቀምጠው ነግሬያታለሁ፣ በግራፉ በኩል። እኔ እጁን ነው የማየው። ከጣለው ቁጭ ብለን እንከራከራለን። ኪሱ ከከተተው አውቀዋለሁ።